በዱቤ የበራ ፋኖስ

እናቱ እስከ ጣቢያው ሸኘችው። ጊዜው ኖቬምበር 1904 ነው (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ ቦታው ምዕራብ ጃፓን፣ ዋካያማ ውስጥ ያለው የኪኖካዋ ባቡር ጣቢያ። ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አራተኛ ክፍልን እንኳ አልጨረሰም። እናትየው ወደ ኦሳካ የሚሄዱ መንገደኞችን ፈልጋ ልጇን አደራ አለች፤ ባቡሩም ተነሣ። ያ ልጅ ኮኖሱኬ ማቱሺታ ይባላል። በኋላ «ናሽናል» እና «ፓናሶኒክ» የሚሉትን ስሞች የዓለምን ቤት ያንኳኳባቸው ሰው እሱ ነው። እኛም አገር ስንቱ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ጉብ ያለ ናሽናል ቴፕ ነበር!

ከድሃ ቤት አልተወለደም። አባቱ ማሳኩሱ ዋሳ በምትባል የገጠር መንደር መሬት ያለው፣ የተከበረ ሰው ነበር። ኮኖሱኬ ኖቬምበር 27 ቀን 1894 ሲወለድ የስምንት ልጆች የመጨረሻ ነው፤ የቤቱ ቅምጥል። ችግሩ አባትየው ሩዝ ከማረስ ይልቅ በሩዝ ዋጋ መወራረድ ይዞት ነበር። ዋካያማ ከተማ የሩዝ ገበያ ተከፍቶ፣ ነገ ዋጋው ይወጣል ይወርዳል እያሉ የሚገበያዩበት ዘመን ነው። በ1899 መሬቱም ቤቱም ሄደ። ቤተሰቡ ከተማ ገብቶ የእንጨት ጫማ መሸጫ ከፈተ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ከዚያ ሞት ተከታተለ፤ ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹና አንዲት እኅቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ አለፉ። አባትየው ኦሳካ በሚገኝ የዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ሥራ አግኝቶ ሄዶ ነበር፤ ልጁን ላኩልኝ፣ ሥራ አግኝቼለታለሁ ብሎ የጻፈውም ከዚያ ነው።

ሥራው ከሰል ማንደጃ መወልወል ነበር። ኦሳካ ውስጥ አንድ የማንደጃ ሱቅ ተቀጥሮ ቀን ማንደጃውን እየፈገፈገ ያሳምራል፤ ሲያስፈልግም የአሠሪውን ልጅ ያዝላል። ሌሊት እናቱን እያሰበ ያለቅሳል። ከዕለታት አንድ ቀን አሠሪው ደመወዝህ ነው ብሎ አምስት ሴን የሚባል የጃፓን ሳንቲም ሰጠው። በሕይወቱ ያን ያህል ገንዘብ በእጁ ይዞ አያውቅም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ለቅሶው እንደቀነሰ ራሱ አውርቷል። እዚህ ላይ አንባቢን ማስጠንቀቅ ይገባኛል። የዚህን ሰው የልጅነት ታሪክ አብዛኛውን ያወራው ራሱ ነው፤ ያወራውም ከከበረ በኋላ ነው። የከበረ ሰው ደግሞ ልጅነቱን ሲያወራ ትንሽ ያሳምረዋል። ቢሆንም የአምስቷ ሴን ነገር እውነት ትመስለኛለች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚጽናናው እንዲሁ ነውና።

ሱቁ በሦስት ወሩ ተዘጋ። ቀጥሎ የገባው ጎዳይ ከሚባለው ቢስክሌት ቤት ነበር። በዚያ ዘመን ቢስክሌት ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የሚመጣ የሀብታም ዕቃ ነው፤ የአንዱ ዋጋ ከመቶ የን በላይ ነበር። ልጁ ጥገናውን፣ ቶርኖ ላይ ብረት መቁረጡን፣ ደንበኛ ፊት ማጎንበሱን ሁሉ እዚያ ተማረ። ጥገና የሚጠብቁ ደንበኞች ሲጋራ ግዛ እያሉ በየጊዜው ይልኩት ነበር። እጁ ግሪስ ነው፤ ታጥቦ መውጣት፣ ተመልሶ መጀመር። እሱም ዘዴ ፈጠረ፦ ሲጋራውን አስቀድሞ በጅምላ ገዝቶ አስቀመጠ። ሃያ ፓኮ የሚገዛ አንድ ይመረቅለት ነበርና ሳይሮጥ ትርፍ ያገኝ ጀመር። ሌሎቹ የሱቁ ልጆች ቅር ስላላቸው አሠሪው አስተወው። የመጀመሪያ ንግዱ እንዲህ በባልደረባ ቅናት ተዘጋ።

ኦሳካ ውስጥ በ1903 የተጀመረው የኤሌክትሪክ ትራም በየዓመቱ ሐዲዱን እየዘረጋ ሄደ። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ትራሙን አይቶ አሰላ፦ ሰው ሁሉ ትራም ከተሳፈረ ቢስክሌት ማን ይገዛል? ወደፊት ያለው ነገር ኤሌክትሪክ ነው። ይህ ስሌት በኩባንያው ታሪክ ሁሉ እንደ ትንቢት ይጠቀሳል። ግማሹ ግን ስሕተት ነበር። የጃፓን ቢስክሌት አልጠፋም፤ እንዲያውም ዋጋው ረክሶ አገሩን ሞላው። ያ ስሕተት በኋላ እንዴት እንደካሰው እናያለን።

ለአምስት ዓመት እንጀራ ያበላውን አሠሪ ፊት ለፊት ልሄድ ነው ለማለት አፉ አልታዘዘለትም። እናትህ ታማለች የሚል ቴሌግራም አስላከና ቅያሬ ልብሱን ይዞ ወጣ። የመብራት ኩባንያው ቦታ እስኪገኝ ድረስ ሦስት ወር ሲሚንቶ ፋብሪካ ተሸከመ። በኦክቶበር 1910 የኦሳካ ኤሌክትሪክ መብራት ኩባንያ የመስመር ዘርጊ ረዳት አድርጎ ቀጠረው። ጋሪ ሙሉ ሽቦና መሣሪያ እየጎተተ ከቤት ቤት ይከተላል። በሦስት ወር ውስጥ ከረዳትነት ወጥቶ ራሱን የቻለ ሠራተኛ ሆነ። ማታ ማታ ትምህርት ቤት ቢገባም መጻፍ ላይ ደካማ ስለነበረ መምህሩ የሚያስጽፈውን በፍጥነት መከተል አቅቶት ተወው። አባቱ በ1906፣ እናቱ በ1913 ሞተው ነበር።

በ1915 እኅቱ ሚስት ፈለገችለት፦ ሙሜኖ ኢዩኤ፣ የአዋጂ ደሴት ልጅ። የሚተያዩት አንድ ቲያትር ቤት በር ላይ፣ ማስታወቂያው ፊት ቆመው ነው ተባለ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቀረች፤ እሱም ከኀፍረት የተነሣ ሲያንገራግር ዕድሉ አለፈ፤ ያየው የፊቷን ጎን ብቻ ነው። የእኅቱ ባል ግድ የለህም እሺ በል አለውና እሺ አለ። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሳስብ የዚህ ሰው ትልቁ ውል የተፈረመው እዚያ በር ላይ ይመስለኛል።

በሃያ ሁለት ዓመቱ የኩባንያው ወጣቱ ተቆጣጣሪ ሆነ። ሌሎች የዘረጉትን መስመር እየዞሩ ማየት ነው ሥራው፤ በሁለት ሦስት ሰዓት ያልቃል። ሥራ የለመደ ሰው ሥራ ሲፈታ ይታመማል። ቀድሞውንም ሳንባው ደካማ ነበር፣ ደም ተፍቶ ያውቃል፤ በሚቀርበት ቀን ደግሞ ክፍያ የለም። በትርፍ ጊዜው የተሻለ ያለውን የአምፖል መያዣ፣ እኛ ፖርታ ላምፓዳ የምንለውን፣ ሠርቶ ለአለቃው አሳየ። አለቃው አገላብጦ አየና አይረባም አለው። ጁን 1917 ላይ መልቀቂያ አስገባ።

ገንዘቡ ሁሉ ተደማምሮ፣ የመሰናበቻው ክፍያ ጭምር፣ መቶ የን አልሞላም። አንድ ማሽን ልግዛ ቢል ያው ነበር የሚያልቀው። ኢካይኖ በሚባለው ሰፈር ሁለት ጠባብ ክፍል ያላት ኪራይ ቤት ነበረችው፤ የአንዱን ክፍል ወለል ነቅለው ወርክሾፕ አደረጉት። መኝታው በዚያው መጠን ጠበበ። ሠራተኞቹ እሱ፣ ሙሜኖ፣ ከኩባንያው አብረውት የለቀቁ ሁለት ጓደኞች፣ እና ከአዋጂ የመጣ የሙሜኖ ወንድም ነበሩ። ወንድምየው ቶሺዮ ኢዩኤ ይባላል፤ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

ፖርታ ላምፓዳ የሚሠሩት ሰዎች የፖርታ ላምፓዳን አካል ከምን እንደሚሠራ አያውቁም ነበር ቢባል ማን ያምናል? ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው ጥቁር አካል አስፋልት፣ አስቤስቶስና የድንጋይ ዱቄት ተቀላቅሎ የሚጋገር ነገር ነው። ልኬቱን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደ ባልትና ምስጢር ይደብቀዋል። እነሱ የፋብሪካ ቆሻሻ መጣያ እየዞሩ ስብርባሪ ለቀሙ፤ ሰባብረው አሹት፣ አሸተቱት። በኋላ አንድ የቀድሞ ባልደረባ አሠራሩን አሳያቸው። ኦክቶበር ላይ ዕቃው ተሠርቶ አለቀ። አሥር ቀን ሙሉ ኦሳካን ዞረው የሸጡት መቶ ገደማ ነው፤ ገቢውም አሥር የን አልደረሰም። ሁለቱ ጓደኞች ቤተሰብ ስላላቸው እያዘኑ ሄዱ። ማንም አልፈረደባቸውም።

ሙሜኖ ኪሞኖዎቿን እየቆጠረች መያዣ ቤት ወሰደች፤ ቀጥላ ቀለበቷን። ያን ጊዜ የተያዘበት የመያዣ ቤት ደብተር ላይ ስሟ በተደጋጋሚ ተጽፏል። ለባሏ የምታደርሰውን የቤቱን እውነት እየመጠነች ነበር ይባላል፤ የሚቀጥለው ምግብ ከየት እንደሚመጣ እሷ ብቻ የምታውቅበት ጊዜ ነበር። በኩባንያው ታሪክ ይህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ለእኔ ግን የመጀመሪያዋ ባለአክሲዮን እሷ ናት፤ የያዘችው ወረቀትም የመያዣ ቤቱ ደረሰኝ ነው።

ዲሴምበር ላይ ያልታሰበ ትእዛዝ መጣ። ካዋኪታ የተባለ ድርጅት ለሚሠራው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ከሥር የሚገባ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሰሌዳ ይፈልጋል። እስከዚያ የሚጠቀመው የሸክላ ነበር፤ ቶሎ ይሰበርበታል። ከዚያው ከጥቁሩ ሊጥ ብትሠሩልኝ አላቸው፦ አንድ ሺህ ሰሌዳ፣ ዓመቱ ሳያልቅ። ኮኖሱኬ መጭመቂያውን ይረግጣል፣ ልጁ ቶሺዮ የወጣውን ይወለውላል። ከቅርጹ ላይ እንደ ዳቦ እየፈነቀሉ ሲያወጡት እጅ ያቃጥላል። አንድ ሺው በቀኑ ደረሰ፤ 160 የን ተከፈላቸው፣ ወጪው ተነሥቶ 80 የን ተረፈ። ፖርታ ላምፓዳው አልሸጥ ያለውን ሰውዬ ያዳነው፣ ማንም የማያየው፣ ከማራገቢያ ሥር የሚገባ ሰሌዳ ሆነ። ጃንዋሪ ላይ የሁለት ሺህ ትእዛዝ ተከተለ።

ማርች 7 ቀን 1918 ሰፋ ያለ ቤት ተከራይተው የማቱሺታ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች ማምረቻን መሠረቱ። ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ባል፣ ሚስትና የሚስት ወንድም።

የዚያን ጊዜ የጃፓን ቤት ውስጥ የሚገባው መስመር ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ጣሪያው መሐል አንድ አምፖል ይንጠለጠላል፤ ግድግዳ ላይ ሶኬት የሚባል ነገር የለም። ካውያ ልሰካ ያለች ሴት አምፖሉን ፈትታ በቦታው ካውያውን ትሰካለች፤ ማታ ከሆነ በጨለማ ልትተኩስ ነው። ስለዚህ እዚያው አምፖሉ መያዣ ላይ የሚገጠም ስፒና፣ ቀጥሎም አንዱን መስመር ለሁለት የሚያካፍል ዕቃ ሠሩ። የመጀመሪያውን ዕቃ እነሱ አልፈጠሩትም፤ ዘዴያቸው ከተቃጠሉ አምፖሎች የሚወጣውን የብረት ጉልላት መልሰው መጠቀማቸው ነበር። ዋጋው ከገበያው በ30 ከመቶ ረከሰ። ዓመቱ ሲያልቅ ሠራተኛው 20 ደርሶ ነበር። ሌላው የሚደብቀውን የሊጡን ምስጢርም ኮኖሱኬ ለአዲስ ገቢ ሠራተኛ ሁሉ ያሳይ ነበር። ይዘውብህ ይሄዳሉ ያሉት ነበሩ። ምስጢር የሚጠብቅ ዘመድ ብቻ ከሆነ ግን ፋብሪካው የዘመዱን ቁጥር አያልፍም።

አሁን ወደ ቢስክሌቱ እንመለስ። በ1920ዎቹ መባቻ ማታ በቢስክሌት የሚሄድ ጃፓናዊ ሻማ ወይም የዘይት ፋኖስ ያበራል፤ ነፋስ በየመታጠፊያው ያጠፋበታል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራም ነበር፤ እሱ ግን በሁለት በሦስት ሰዓት ያልቃል። ኮኖሱኬ ራሱም ቢስክሌት ስለሚነዳ ከፋኖሱ ጋር መጣላቱ የየማታ ነው። ስድስት ወር ያህል ሞክሮ፣ ወደ መቶ የሚጠጋ ናሙና ጥሎ፣ በ1923 የጥይት ቅርጽ ያለው የእንጨት ፋኖስ አወጣ። ባንድ ባትሪ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይበራል።

አከፋፋዮች አልፈለጉትም። ይህ የባትሪ ፋኖስ የሚሉትን ሌባ አንዴ ቀምሰነዋል፣ ለዚህ ደግሞ ልዩ ባትሪ መፈለግ አለብን አሉ። ፋኖስ ግን እየተሠራ ነው፤ ከሁለት ሺህ በላይ መጋዘን ውስጥ ተከማችቷል። ባትሪ ድንጋይ ደግሞ ሲቀመጥ ይበላሻል። እዚህ ጋ ነው ሰውየው የኋላ ሀብቱ ሁሉ መሠረት የሆነችውን ነገር ያደረገው። አከፋፋዩን ዘሎ፣ ሦስት ሰዎች ቀጥሮ የኦሳካን ቢስክሌት ሱቆች አዳረሰ። በእያንዳንዱ ሱቅ ሁለት ሦስት ፋኖስ ያስቀምጣሉ፤ አንዱን እዚያው ያበሩታል። አሁን ገንዘብ አትክፈሉ፤ ስንት ሰዓት እንደሚበራ እዩት፤ ያልነውን ያህል ከበራና ሌሎቹ ከተሸጡ ያን ጊዜ ትከፍላላችሁ። ካልበራ አትክፈሉ።

ባለሱቁን አስቡት። ማታ ሱቁን ሲዘጋ ፋኖሱ በርቷል። ጠዋት ሲከፍት በርቷል። ምሳ በልቶ ሲመለስ ያው ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስታወቂያ አለ? ለሙከራው የመደቡት ዕቃ ባይከፈል ፋብሪካው ይዘጋ ነበር። ግን ተከፈለ፤ ጥቂት ወራት ሳያልፉ በወር ሁለት ሺህ ይሸጥ ጀመር፣ እምቢ ያሉት አከፋፋዮችም ባለሱቆቹ ሲጠይቋቸው ተመልሰው መጡ። ትራም ይገድለዋል ብሎ የሸሸው ቢስክሌት አነሣው ማለት ነው።

በ1927 አራት ማዕዘን ፋኖስ ሲሠራ ይህንኑ ብልሃት አሳደገው። ስሙንም «ናሽናል» አለው፤ ምልክቱ ያን ዓመት ነው ገበያ የወጣው። አሥር ሺህ ፋኖስ በነጻ ላድል ነው ብሎ ተነሣ። ፋኖስ ያለ ባትሪ ደግሞ አይታደልም፤ ቶኪዮ ሄዶ የባትሪ ፋብሪካ ባለቤቱን ኦካዳን አሥር ሺህ ባትሪ በነጻ ስጠኝ አለው። ሰውየው ደነገጠ። ኮኖሱኬ ቀጠለ፦ ዝም ብለህ አይደለም፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 200 ሺህ ባትሪ ካልሸጥኩልህ የአሥር ሺውን እከፍልሃለሁ። ኦካዳ እንዲህ ያለ ገበያተኛ አይቶ እንደማያውቅ እየተገረመ ተስማማ። የመጀመሪያው ሺህ ፋኖስ ታድሎ ሳያልቅ ትእዛዝ መጉረፍ ጀመረ፤ ዓመቱ ሲያልቅ የተሸጠው ባትሪ 470 ሺህ ነው። ኦካዳ የክብር ልብሱን ለብሶ ለምስጋና ኦሳካ ድረስ መጣ።

በዚያው ዓመት ካውያ። ጃፓን በሙሉ በዓመት ከመቶ ሺህ ያነሰ ካውያ ነው የምትገዛው፤ ዋጋው አራትና አምስት የን ነው፣ የአንድ አስተማሪ ኪስ አይችለውም። ኮኖሱኬ ቴቱጂሮ ናካኦ የሚባለውን ባለሙያ ጠርቶ ካውያ ሥራ አለው። ናካኦ የቶርኖ ሰው ነው፤ ስለ ካውያ ምንም አያውቅም። ለአንዱ ካውያ 3 የን ከ20 ሴን፣ በወር አሥር ሺህ ብሎ ወሰነ። ከአገሩ ገበያ በላይ ማምረት ነው፤ ግን ዋጋው ሲወርድ ገበያው ራሱ ሰፋ።

ዲሴምበር 1929። የዓለም ኢኮኖሚ ወድቋል፣ መጋዘኑ ሞልቷል፣ ኮኖሱኬ ታሞ ተኝቷል። ኢዩኤና ሌላ ኃላፊ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ሠራተኛውን በግማሽ እንቀንስ አሉ። ምርቱን በግማሽ ቀንሱ፣ ሰው ግን አይቀነስ አለ፤ ግማሽ ቀን ይሥራ፣ ደመወዙ ሙሉ ይከፈለው፣ በተረፈው ጊዜና በበዓል ቀን ሁሉም ወጥቶ ያለውን ዕቃ ይሽጥ። ፌብሩዋሪ ላይ መጋዘኑ ባዶ ነበር። ይህ ወሬ ጃፓን ውስጥ እስከ ዛሬ ይነገራል። ከሃያ ዓመት በኋላ የሆነው ግን ያን ያህል አይነገርም፤ በቦታው እናየዋለን።

ራዲዮኑን ባጭሩ ልለፈው። በሌላ ሰው ፋብሪካ አሠርተው የሸጡት እየተበላሸ ተመለሰባቸው፤ ያው ናካኦ ከመጽሐፍ እያነበበ አዲስ ሠራና በ1931 በጃፓን ስርጭት ድርጅት ውድድር አንደኛ ወጣ። ቀጥሎ የራዲዮን ሠሪውን ሁሉ አላሠራ ያለ የአንድ ፈልሳፊ የባለቤትነት መብት ነበር፤ ኮኖሱኬ በ25 ሺህ የን ገዛውና ተፎካካሪዎቹ ጭምር በነጻ እንዲጠቀሙበት ለቀቀው።

ሜይ 5 ቀን 1932 ኦሳካ ውስጥ 168 ሠራተኞቹን ሰበሰበ። እዚህ ላይ «አንተ» ማለቴን ላቁም፤ ሰውየው ገና 37 ዓመታቸው ቢሆንም ከዚያ ቀን በኋላ ሠራተኞቻቸው እንደ ሰባኪ ነው የሰሟቸው። የተናገሩት የቧንቧ ውኃ ነገር ነው። መንገደኛ ከሰው ደጅ ቧንቧ ከፍቶ ቢጠጣ ሌባ ብሎ የሚይዘው የለም፤ ውኃው ዋጋ ስለሌለው ሳይሆን ስለበዛ ነው። የፋብሪካ ሰው ሥራም ዕቃውን እንደ ቧንቧ ውኃ ማብዛት ነው አሉ። ለዚህም 250 ዓመት መደቡ፤ በአሥር ከፍለው ለእያንዳንዱ ምዕራፍ 25 ዓመት። 250 ዓመት! በዚያ ዕለት ግን ሠራተኞቹ ተራ በተራ መድረክ እየወጡ በስሜት ተናገሩ።

በ1933 ፋብሪካውን በምርት ዓይነት ከፋፈሉት፤ ራዲዮኑ ለብቻው፣ ፋኖስና ባትሪው ለብቻው፣ የመስመር ዕቃው ለብቻው፣ እያንዳንዱ ኪሳራና ትርፉን ራሱ ይቆጥራል። ሰበቡ በከፊል ሕመማቸው ነው፤ ሁሉን ልይ ቢሉ ጉልበቱ የላቸውም። በዚያው ዓመት ከኦሳካ ወጣ ብላ ወደምትገኘው ካዶማ ተዛወሩ። አቅጣጫው ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ይህ በጃፓኖች ልማድ የሰይጣን በር ነው፣ ሰዎች ከለከሏቸው። እሳቸው የአገራቸውን ካርታ አዩ፤ ጃፓን እንዳለች ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጋች ናት። ሰይጣን ይህን ሁሉ አገር አልበላ አሉና ገቡ። በ1935 ድርጅቱ አክሲዮን ማኅበር ሆነ።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ባለ ፋኖሱ ፋብሪካ መርከብ ሥራ ተባለ። ከዚህ ቀደም ጀልባ እንኳ ሠርተው አያውቁም። እንደ ራዲዮን መስመር ዘርግተው፣ ቀፎው በሐዲድ ላይ ከጣቢያ ጣቢያ እየተገፋ፣ 250 ቶን የሚመዝን የእንጨት መርከብ ይገጥሙ ጀመር፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ 56 መርከብ ወጣ። የእንጨት አውሮፕላንም ጀምረው ጥቂት አበረሩ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር ወይ? እሳቸው በኋላ ሲጽፉ ትእዛዝ ነበር ነው ያሉት። ሂሳቡ ግን ከባድ ነበር። በ1946፣ ከሽንፈቱ በኋላ አገሩን የያዘው የአሜሪካ ጦር አስተዳደር ድርጅታቸውን ከታላላቆቹ የሀብት ቤተሰቦች ተራ መደበው፣ ንብረታቸውን አገደ፣ እሳቸውንም ከሥራ አስወጣ። ማቱሺታ ከአንድ ትውልድ ያልዘለለ ሀብት ነው፣ ከነሚትሱይ ጋር ምን አገናኘኝ እያሉ ቶኪዮ ተመላለሱ፤ እሳቸው ከ50 ጊዜ በላይ፣ ረዳታቸው አራታሮ ታካሃሺ እስከ መቶ ጊዜ።

የረዳቸው ሌላ ነው። አዲስ የተቋቋመው የሠራተኛ ማኅበር፣ በዚያ ዘመን አሠሪ ሁሉ የሚፈራው፣ 15 ሺህ ፊርማ አሰባስቦ አለቃችንን መልሱልን አለ። አስተዳደሩ ባለሥልጣናት በየቢሮው አሠሪያችንን አስወጡልን የሚል አቤቱታ ለምደው ነበርና ግራ ገባቸው። በ1947 ከሥራ የማስወጣቱ ውሳኔ ተነሣላቸው። በ1929 የተዘራው በዚያ ቀን ታጨደ ማለት ይቻላል።

ያው ውሳኔ ግን ቶሺዮ ኢዩኤን አሳጣቸው። በእሱ ምክንያት ሌሎች ኃላፊዎችም መልቀቅ ነበረባቸው፤ ኢዩኤም ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ወጥቶ በ1947 ሳንዮ የተባለውን ፋብሪካ ጀመረ። የመጀመሪያ ምርቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የቢስክሌት መብራት፤ ጎማው ሲዞር ኃይል በሚያመነጭ ዳይናሞ የሚሠራ። መጀመሪያ የሸጠውም ናሽናል በሚለው ምልክት ነበር።

ማቱሺታ ነጻ ቢወጡም ዕዳ አሰጠማቸው። በ1949 ጋዜጦች የአገሪቱ ቀንደኛ የግብር ባለዕዳ ብለው ጻፉባቸው። በ1950 ደግሞ ከ500 በላይ ሠራተኛ ተሰናበተ። በ1929 አይሆንም ያሉት ሰው በ1950 ሆነ አሉ፤ የድርጅቱ መታሰቢያ ጽሑፎች የመጀመሪያውን በሰፊው፣ ሁለተኛውን በጠባቡ ያትማሉ። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት እመርጣለሁ።

በ1951 አሜሪካ ሄዱ፤ 56 ዓመታቸው ነበር፣ ከእስያ ወጥተው አያውቁም። ታላቁ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ አንድ ተራ ሠራተኛ የሁለት ቀን ደመወዙን ይዞ ራዲዮን እንደሚገዛ ሰሙ። የእሳቸው ሠራተኛ ወር ተኩል መሥራት ነበረበት። በ1952 ከሆላንዱ ፊሊፕስ ጋር ሽርክና ሲጀምሩ ፊሊፕስ ለቴክኒክ ዕውቀቱ 7 ከመቶ ጠየቀ። ማቱሺታ እስከ 4.5 አስወረዱት፤ ቀጥለውም የአመራሩ ዕውቀት የእኔ ነውና ለእሱ 3 ከመቶ ክፈሉኝ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው የማያውቁት ሆላንዶች ከፈሉ። ከዚያ የልብስ ማጠቢያው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ማቀዝቀዣው ተከታተለ። አሜሪካ ውስጥ «ናሽናል» የሚለው ስም በሌላ ተይዞ ስለነበር ለገበያው የወጣው ስም ፓናሶኒክ ነው።

በ1961 ከፕሬዚዳንትነት ወርደው ሊቀመንበር ሆኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ፤ በጁላይ 1964 ወደ 170 የሚጠጉ የአከፋፋይ ድርጅት ኃላፊዎችን አታሚ በምትባለው የመዝናኛ ከተማ ሰበሰቡ። ትርፋማ የነበሩት ከሃያ ጥቂት የሚያልፉ ናቸው፤ የቀረው ሁሉ ኪሳራ ላይ ነው፣ ሁሉም ማቱሺታ ነው ያከሰረን ይላል። የ69 ዓመቱ ሽማግሌ ሁለት ቀን ሙሉ መድረክ ላይ ቆመው ተከራከሩ። አንዱን አከፋፋይ፣ በጭንቀት ደም የሸናህበት ቀን አለ ወይ እስከ ማለት ደረሱ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ድምፃቸው ተለወጠ። በ1936 አምፖል መሥራት ሲጀምሩ የነበረውን አነሡ። አምፖላቸው ያኔ ከምርጦቹ ተራ አልነበረም፤ ግን በምርጡ ዋጋ ሽጡልኝ ብለው እነዚህኑ ሰዎች ወይም አባቶቻቸውን ለመኑ። እነሱም፣ ዓይናቸው እያየ፣ እሺ ብለው ሸጡላቸው፤ በዚያ ገንዘብ ነው አምፖሉ የተሻሻለው። ያን ሁሉ አግኝተን ረሳነው፣ ጥፋቱ የእኛ ነው ሲሉ እንባቸው ወረደ፤ አዳራሹም አለቀሰ። ከስብሰባው በኋላ ሊቀመንበሩ ራሳቸው የሽያጭ ክፍሉን ኃላፊ ቦታ ደርበው ያዙ። እንደ ድሮው ሱቅ ለሱቅ የሚያስሮጥ ሥራ ነው።

በ1973 ከሊቀመንበርነትም ወጡ፤ ኤፕሪል 27 ቀን 1989 በ94 ዓመታቸው፣ በራሳቸው ስም በሚጠራው ሆስፒታል ሞቱ። ሳንባቸው ከሃያ ዓመታቸው ጀምሮ ያስፈራራቸው ነበር፤ የወሰዳቸውም የሳንባ ምች ነው። ሙሜኖ አራት ዓመት ቆይታ ተከተለቻቸው።

በኦክቶበር 2008 ድርጅቱ ማቱሺታ የሚለውን ስም ከበሩ ላይ አንሥቶ ፓናሶኒክ ተባለ፤ ናሽናል የሚለውም ምልክት አብሮ ቀረ። በዓመቱ ዲሴምበር ላይ ፓናሶኒክ ሳንዮን ገዝቶ የራሱ አደረገው። በ1917 በኢካይኖዋ ጠባብ ቤት ትኩሱን ሰሌዳ ይወለውል የነበረው የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ በኋላ ያቋቋመው ፋብሪካ፣ ከተመሠረተ ከስድሳ ሁለት ዓመት በኋላ ወደ እኅቱ ቤት ተመለሰ።